መኩሪያ «ሲስተም የለም» ያለበት ሕልም

ባለቤቴ መኩሪያ ባለፈው ቅዳሜ፣ ኅዳር ሃያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየ። ማታ እራት ላይ ነው የነገረኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ስለነገረኝ አሁን ከሱ ይልቅ እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እሱ ሲያወራው የሚዘላቸው ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ግን ከሕልሙ በፊት የነበረውን ልናገር። ዓይኖቼን ሞራ ከጀመራቸው ሦስት ዓመታቸው ነው። ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስለኛል። ድሮ መኩሪያ ሲላጭ ከአገጩ ሥር የሚስታትን ጢም የማሳየው እኔ ነበርኩ፤ አሁን የሚነግረው ስለሌለ እንዳደገች ይዟት ይወጣል አሉ። ታዲያ ወደ ከተማችን ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት በእንግድነት ሊመጡ ነውና ስሜ ተመዘገበ። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ልጅ ደወለችና «ቅጽ በኢሜይል እንልካለን፤ እስከ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሞልታችሁ ካልመለሳችሁ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል» አለች። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እሱን እኛም አናውቅም እናቴ» አለችኝ።

መኩሪያ ሠላሳ አምስት ዓመት ቀያሽ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። መሬት ሲለካ ጣት አይስትም፤ ስለዚህ በሌላውም ነገር የሚስት አይመስለውም። ከተጋባን ሠላሳ ስምንት ዓመታችን ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ክርክር ሲከብደው «ዝም በይ፣ በሦስት ዓመት እበልጥሻለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔም ዝም እላለሁ።

ረቡዕ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ አለቀ። ሐሙስ ላፕቶፑ ሲነሣ ቀኑ ተዛብቶ ነበር፤ መኩሪያ በገዛ እጁ አስተካከለው፤ ኮራበትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኢሜይል የሚባል ነገር እምቢ አለ። ራውተሩን ነቅሎ ሰካው። መስኮት ላይ አደረገው፤ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው፤ ከጀርባው ትሪ አቆመለት። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሣው፤ ዋይፋዩን አስረስቶ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባ። ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ደብዳቤው ግን አይከፈትም። በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይለኛል።»

የእጅ ሰዓቱን አወለቀ፣ የፈረንጁን ስድስት ሰዓት ቀነሰ፣ አስተያየ። ደቂቃ እንኳ አልተዛነፈም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ። «እኔን ነው ኋላ ቀር የሚለው» እያለ ሁለት ቀን ተብሰለሰለ። ኢንተርኔት ቤት እንሂድ ስለው «እቤቴ ኢንተርኔት አስገብቼ ኢንተርኔት ቤት ልሰለፍ?» አለኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰች። ስምንት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ሶፋው ላይ አሸለበው።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ከሦስተኛው ፎቅ ደጃችን እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ድረስ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የኔትወርክ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው የተራ ቁጥር ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ ፀሐዩ በርትቶባቸው በፋይል ያናፍሳሉ። እሱ ደግሞ ሳያውቀው መስኮት ካላት ጠረጴዛ በስተኋላ ተቀምጧል።

«አባታችን፣ ትንሽ ኔትወርክ ፈልገን ነበር» አለ የመጀመሪያው።

መኩሪያ የዋህ ሰው ነው፤ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ሲስተም የለም።»

«መቼ እንምጣ?»

«ከምሳ በኋላ።»

«አሁን እኮ ከምሳ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው ከሚቀጥለው ምሳ በኋላ።»

ሠራተኞቹ አመስግነው ወረዱ። ከመካከላቸው አንዲቷ በሕፃን ማዘያ ራውተር አዝላ ነበር፤ ራውተሩ ያለቅሳል። መኩሪያ አፈረ። ግን ደስ አላለህም ወይ ብዬ ስጠይቀው ጥቂት ደስ እንዳለው አልካደም።

ዘወር ሲል ላፕቶፑ የሱን መነጽር አድርጎ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሶፋው ላይ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

«ይኼ ሰውዬ ከመቼ ጀምሮ ነው እምቢ ያለው?» አለ።

«ከሐሙስ ጀምሮ» አለ መኩሪያ፣ ስለ ራሱ።

ላፕቶፑ መኩሪያን ብድግ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስተኛው። የሸሚዙን ቁልፍ ከፈተና እምብርቱን በጣቱ ተጫነው። «እስከ አምስት ቁጠር፤ አንዴ ጠፍተህ ተነሣ» አለው። መኩሪያ ጠፋ። ሲነሣ ስሙን፣ የሠፈሩን ስምና ግራ እጁን አያስታውስም ነበር። የሚያስታውሰው አሥር ሰዓት መቅረቡን ብቻ ነው።

«የይለፍ ቃል?»

«አማከለች ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት።»

የኔ ስምና የተወለድኩበት ዓመት ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ላፕቶፑ አንገቱን ነቀነቀ። «ስሙ ልክ ነው። ዓመቱ ልክ አይደለም።»

ሦስት ጊዜ ተናገረ፣ ሦስት ጊዜ ልክ አይደለም ተባለ። በአራተኛው ወለሉ ተከፈተና ወደ ታች ወረደ፤ ወይም ወደ ላይ፣ እርግጠኛ አይደለም።

የደረሰው የራሱ የደብዳቤ ሣጥን ደጃፍ ላይ ነው። ሣጥኑ ከስታዲየም ይበልጣል። ዘበኛው ካፖርት የደረበ የማተሚያ ማሽን ሲሆን እያነጠሰ ወረቀት ይተፋል።

«ሰው አለመሆንዎን ያረጋግጡ» አለው።

ዘጠኝ ፎቶ አወጣ። ዘጠኙም በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የተነሡ ታክሲዎች ናቸው። «ባዶ ወንበር ያለበትን ይንኩ።» መኩሪያ እያላበው ፈለገ፣ ፈለገ። በመጨረሻ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አንድም የለም።»

«ልክ ነዎት። ይኖራል ብሎ የሚነካው ሰው ብቻ ነው። ይለፉ።»

ውስጥ ደብዳቤዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከሐሙስ ጀምሮ ያልተከፈቱ በመሆናቸው ተኮሳትረዋል። አንዱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል። በሌላው ዓለም «ሁለት ሚሊዮን ደርሶዎታል» እያለ ሰው የሚያታልለው ደብዳቤ እዚህ ከረባት አስሮ የተከበረ ጸሐፊ ሆኗል። ሳይዋሽ፣ ሳያጉላላ ያስተናግዳል።

«የሆስፒታሉን ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» አለው መኩሪያ።

«አለች። ግን እርስዎ ጋ መግባት አትችልም።»

ከወንፊት በር ኋላ አንዲት ቀጭን ነጭ ደብዳቤ ቆማለች። ጥግና ጥጓ ታጥፋ ክንዷን የደረበች ትመስላለች።

«ነይ ውጪ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አላት።

«አልችልም። እርስዎ ያሉበት ቀን ላይ እኔ ገና አልተጻፍኩም።»

«ስንት ቀን ይቀራል?»

ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ አነበበለት። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከዘጠኝ ቀን።»

«እስከ አሥር ሰዓት ይደርሳል?»

ጸሐፊው መዝገቡን ዘግቶ አቀፈው። መኩሪያ ይህን ሲያወራ ነው ድምፁ የሚለወጠው። ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር አይቼ አላውቅም ይላል፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ሲያቅፍህ ነገሩ ማለቁን ታውቀዋለህ ይላል።

ሮጦ ሲወጣ እቤቱ ተገኘ። የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ አሥር ሰዓት እየቀረበ ያለው በዚያኛው በኩል ነው። ሠራተኞቹ ተመልሰው ሳሎኑን ሞልተውታል። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ሠራተኞቹ ተራ በተራ እየተነሡ ለኔ እጅ ይነሳሉ።

«የቤቱ ታላቅ ይፈርሙልን» አለ አንደኛው፣ ወረቀቱን ወደኔ ዘርግቶ።

«ታላቁ እኔ ነኝ» አለ መኩሪያ።

ሁሉም በትሕትና ሳቁ። እንግዳ ፊት ሕፃን ሲያወራ እንደሚሳቀው ነው የሳቁት። እኔ ፈረምኩ። በሰው ሕልም ውስጥ ምን እንደምፈርም አላውቅም፤ ብቻ ፈርሜያለሁ።

ከዚያ መርፌ አነሣሁ። ያለ መነጽር፣ ክሩን በምላሴ ሳላረጥብ፣ በአንድ ጊዜ አስገባሁት። ቀና ብዬ መኩሪያን አየሁትና «ከአገጭህ ሥር ምላጭ የሳታት ጢም አለች» አልኩት።

እዚህ ላይ ሲደርስ ሦስቱንም ጊዜ አቋርጦ ውኃ ጠጥቷል። አየችኝ አለ። እንደዚያ አድርጋ ካየችኝ ስንት ጊዜዬ ነው አለ።

ላፕቶፑ በሩን ከፍቶ ቆሟል። «ደብዳቤዋ በዚያ በኩል ናት። ከወጣህ ይህን ዓመት እዘጋዋለሁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

«እሷስ?»

«እሷ በዚያ በኩል አታይህም።»

መኩሪያ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ካልሄደ ቅጹ አይሞላም። ከሄደ ይህቺን የምታየዋን ሴት ጥሎ ሊሄድ ነው። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሠራተኞቹ በአንድ ድምፅ «ሲስተም አለ፣ ሲስተም አለ» እያሉ መዘመር ጀመሩ። መኩሪያ እጅጌዬን ያዘና አልለቅም አለ።

«መኩሪያ፣ ተነሣ፤ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው» አልኩት።

እውነትም እጅጌዬን ይዟል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ዓይኑን ሳይገልጥ «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከዘጠኝ ቀን» አለ።

«ምኑ?»

«እንጃ።»

ሁለት ቀን ሙሉ የታገለው ለኔ ዓይን ነው፤ ኩራቱንም አውቃለሁ፣ ድካሙንም አውቃለሁ። ግን ለማዘን ጊዜ አልነበረም። «እስኪ ማሽኑ ላይ ያለውን በሙሉ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንብብልኝ» አልኩት። ሐሙስም ብዬው ነበር፤ ያኔ ምን ያደርግልሻል ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እንደ ተማሪ አነበበ። ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለውን አነበበ። የዋይፋዩን ስም አነበበ።

«ከታች ጥጉ ላይ ቀን አለ። ሃያ፣ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«እሱማ የኛ ነው። ኅዳር ሦስተኛ ወራችን፣ ዓመቱም የኛው። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ጎትተኸዋል። ለፈረንጆቹ አሁን ስንት ነው?»

ከዚያ ቁልፎቹን ሲመታ ሰማሁት፤ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን። ወዲያው ላፕቶፑ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይል ጀመር፤ የሦስት ቀን ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ገባ። መኩሪያ አልሳቀም፣ አላማረረም። «አለች፣ አለች» ብቻ አለ፤ ደብዳቤዋን እንደ ሰው ነው የጠራት። ለአሥር ስምንት ጉዳይ ነበር።

ቅጹን ጮክ ብሎ እያነበበ መሙላት ጀመረ። ሙሉ ስም። የስልክ ቁጥር። የግራ ዓይን፣ የቀኝ ዓይን። የስኳር በሽታ፣ የለም። የደም ግፊት፣ አለ፤ ያውም ዛሬ።

«የትውልድ ዘመን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ አነበበና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አሁን ገና ሰው አገኘን። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት።» ሲመታው እሰማለሁ። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። «ለታካሚው የሚሰጠው መድኃኒት በዕድሜ ስለሚወሰን ትክክለኛው ዓመት ይሞላ።»

ለአሥር አራት ጉዳይ ሆነ። ጣቱ «ላክ» የሚለው ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የደበቅኩት ነገር አለ። ባልን እንጂ ሐኪምን አልዋሽም።

«ቆይ» አልኩት። «ከሃምሳ አምስቱ ላይ ሰባት ቀንስ።»

«ከምኑ ላይ?»

«ከኔ ላይ።»

ሲያሰላ ይሰማኛል። ቀያሽ ነው፣ አይስትም።

«ስለዚህ አንቺ እኮ» ብሎ ጀመረ።

«አዎ፣ ታላቅህ ነኝ። ዝም በልና ላከው።»