ለሰርተፊኬት ሲባል የተጣላው ማኅበር

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ዝናሽ ናት። ዝናሽ ዓረብ አገር፣ አል ጃሂሊ አካባቢ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የማዳሟን ስልክ ከማዳሟ ቀድማ የምትሰማ ልጅ ናት። ግማሹን ግን እኔው ሰምቼዋለሁ። እኔና ጎረቤቴ ብዙነሽ እዚያው ከተማ ፈላጅ ሃዛ የሚባል ሰፈር ውስጥ ለሁለት በተከፈለ አንድ ቪላ ነበር የምንኖረው፤ መሀላችን ያለው ግድግዳ ጂፕሰም ነው። ጂፕሰም ደግሞ ምሥጢር አይዝም። ጆሮሽን ለጠፍሽ እንዳትሉኝ። አልጋዬ ያለው እዚያ ጋ ነው፣ ምን ላድርግ?

ነገሩ የሆነው ኮሮና ሁላችንንም ቤት ባስቀመጠን ጊዜ ነው። የብዙነሽ ልጅ ሊዲያ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ዋናው ትምህርቷ ኮምፒውተር ነው። ታዲያ ጥብስ ሲቀርብ ከጎኑ ሰላጣ ጣል እንደሚደረግለት፣ ከዋናው ትምህርት ጎንም ትንሽ ትምህርት ይጨመራል አሉ። ማይነር ይሉታል። ሊዲያ የጨመረችው "ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አመራር" የሚባለውን ነው። ሲጨርሱት ሰርተፊኬት አለው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። ወንድሜ ደሴ ላይ ሱቅ ከፍቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ለትርፍ ሳይቆም ሲመራ ማን አስተማረው?

ለእነሱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሊዲያ አባት ሾፌር ነው፤ ኩባንያው አውቶቡሶቹን አቁሞ እሱንም ቤትህ ተቀመጥ ብሎታል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ነው የቀረው። አቡ ዳቢ ያለ አንድ ቢሮ ደግሞ ሊዲያን "ሰርተፊኬቱን ይዘሽ ነይ፣ እንቀጥርሻለን" ብሏታል። ካልያዘች ቤተሰቡ ሻንጣውን አስሮ አገሩ መግባቱ ነው። ልጅቷ ደግሞ አገሯን የምታውቃት ለሁለት ክረምት ዕረፍት ሄዳ ነው።

ሰርተፊኬቱን ለማግኘት አንድ እውነተኛ ድርጅት አጥንታ፣ ችግሩን ፈልጋ፣ መፍትሔ ማቅረብ አለባት። በዚያ ሰሞን የቱ ድርጅት ክፍት ነው? ብዙነሽ መላ መታች። "የኛን ማኅበር አጥኚያ! እኛ ለትርፍ ቆመን እናውቃለን?" አለቻት።

ማኅበራቸው የማርያም ጽዋ ነው። ዝናሽን ጨምሮ አሥራ አንድ ሴቶች፣ ወር በገባ በሃያ አንድ። ሙሴዋ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ የሺ ናት። መሰብሰብ ሲከለከል ባለተራዋ ታበስልና የሺ በመኪናዋ እየዞረች በየሰዉ በር ላይ ታንጠለጥላለች። የታመመች ካለችም ሾርባ ታደርሳለች።

ሊዲያ ለእያንዳንዳቸው ደውላ "የማኅበሩ ድክመት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። አይ ልጅነት! እናትየው ቀድማ ደውላ ጨርሳለች። "ልጄ ስትጠይቃችሁ አደራ፣ ገመናችንን ለፈረንጅ እንዳታወጡ። ምንም ድክመት የለብንም በሉ" ብላለች። ሁሉም እንደ ውዳሴ ማርያም አንድ ዓይነት ነገር ደገሙላት፦ "እመቤቴ ትመስገን የኔ ልጅ፣ ምንም ድክመት የለብንም፣ ፍቅር ነን።"

አስተማሪው ፈረንጅ ነው፤ አነበበውና መለሰው። ችግር የሌለበት ድርጅት ጥናት አያስፈልገውም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ችግሩን አግኝተሽ ካልመጣሽ አላሳልፍሽም አላት። ያን ቀን በግድግዳው የመጣው ለቅሶ ለብቻው ነው።

"እማ፣ ዩ ሩይንድ ኢት! አበላሸሽብኝ!" ትላለች ልጅ።

"ዝም በይ! ችግር ነው የጠፋው? ችግር እኔ አመጣልሻለሁ" ትላለች እናት።

እንዴት አመጣች? ድራማ ሠራቻ! የሺንና አበራሽን መርጣ በዙም እንዲጣሉ አስጠናቻቸው። አበራሽ "ተራዬ ተዘለለ" ትላለች፤ የሺ "ማን ሆነሽ ነው?" ትላለች፤ ሁለት ሦስት ቃል ይወራወራሉ፤ ከዚያ ሊዲያ መፍትሔ ታቀርባለች፣ እነሱ ይታረቃሉ፣ አስተማሪው ያያል። ሊዲያ ይሄማ ማጭበርበር ነው ብላ ነበር። ብዙነሽ "ምኑ ነው ማጭበርበር? ሴቶቹ እውነተኛ፣ ማኅበሩ እውነተኛ። ጠቡን ብቻ ነው የተዋስነው" አለቻት። አበራሽ ደግሞ መጣላት አልችልበትም ብላ አስቸግራ ነበር አሉ። የሺ ናት በስልክ ሁለት ቀን ያለማመደቻት። "ከፍ አድርጊው እንጂ ድምፅሽን፣ እንደ ተበደለ ሰው!" እያለች።

ቀኑ ደረሰ። ዝናሽ የማዳሟ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ ስልኳን በሳሙናው ካርቶን ላይ አቆመች። ከየሺ የሚታየው ግንባሯና ጣሪያዋ ነው። አንዷ ድንች ትልጣለች። አስተማሪው ክራቫቱን አስሮ ይጠብቃል።

"ተራዬ ተዘለለ" አለች አበራሽ።

"ማን ሆነሽ ነው?" አለች የሺ። ልክ እንደ ጥናታቸው።

አበራሽ ቃሏን ረሳች ብለው ሊያስታውሷት ሲሉ አፏን ከፈተች።

"ማን ሆኜ ነው መሰለሽ? በኮሮና ተኝቼ፣ ሾርባዬን ደረጃው ሥር አስቀምጠሽ ከመኪናሽ ውስጥ የደወልሽልኝ ነኝ! አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ በዚያ ትኩሳት ግድግዳ ይዤ ወርጄ ያነሳሁት እኔ ነኛ!"

የሺ ግራ ገባት። "አበሩ፣ ይሄ ከድራማው ነው ከልብሽ?"

"ከልቤ ነው።"

"እና ልጆቼን ላስይዝልሽ?"

"የብዙነሽን በር ግን አንኳኩተሽ ሰጥተሻል። እሷም ታማ ነበር። የኔ ኮሮና ነው የሚናከሰው?"

ድንች የምትልጠዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

አስተማሪው ምን እየተባለ ነው ብሎ ጠየቀ። ሊዲያ አቀረቀረች። ልታቆመው ነበር፣ ፊቷ ላይ አይቻለሁ ትላለች ዝናሽ። ዝናሽ ያላየችውን ደግሞ እኔ ሰምቻለሁ። ብዙነሽ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቆማ በሹክሹክታ "ተርጉሚ! ተርጉሚ እንጂ! አባትሽን አስቢ!" ትላለች።

ተረጎመች። "በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ የእኩልነት ቅሬታ ቀርቧል" አለች። አስተማሪው ደስ ብሎት ጻፈ። የሺ "በዚህ ሙቀት ሾፌር ሆኜላችሁ! ኸላስ፣ በቃኝ፣ ጽዋችሁን ውሰዱ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሊዲያ "የአመራር ለውጥ ተጠይቋል" ብላ ተረጎመች። ድንች የምትልጠዋ አበራሽን ውለታ ቢስ ስትላት፣ ሌላዋ የሺን አድሎኛ ስትላት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲንጫጩ "የአባላት ተሳትፎ ከፍ ብሏል" አለች። አበራሽ ሳትሰናበት ከዙሙ ወጣች። ሊዲያ ለእሱም ትርጉም አላጣችለትም።

ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ለአበራሽ ስትደውል ሰማሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ትደውላለች። ብዙነሽ "ይበርድላታል" ትላለች፣ የበረደላት ግን እሷም አትመስልም። መፍትሔው በሳምንቱ ተጽፎ አለቀ፤ ሣጥን በሣጥን፣ ቀስት በቀስት፣ ሾርባ ማን ለማን እስከ የት ድረስ እንደሚያደርስ ሳይቀር ተሥሎበታል። ለማኅበሩ ግሩፕ ላከችው። ግሩፑ ውስጥ ያኔ የቀሩት እናቷና ዝናሽ ብቻ ናቸው። ዝናሽም የቀረችው ለወሬው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ እንጃ። በብዙነሽ ቦታ ብሆን ተርጉሚ አልልም ነበር ብዬ ግን አልምልም።

ሊዲያ ሰርተፊኬቷን በጥሩ ውጤት ያዘች። ቢሮውም ቀጠራት፤ ቤተሰቡ ተከትሏት አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ገባ። አባቷ ሌላ ኩባንያ አግኝቶ ይነዳል። አበራሽ አገሯ ገባች። የሺ ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልገባችም። ዝናሽ ማዳም ቀይራለች። ማኅበሩ ፈርሷል። አስተማሪው ግን ችግሩን በራሱ የፈታ ማኅበር ነው እያለ እስካሁን ለተማሪዎቹ በምሳሌነት ያስተምርበታል።