ስምንት ቋጠሮና አንድ ጭልፋ

(ጫካ። ጠዋት። እኔና አክስቴ ከአንድ ቁጥቋጦ ኋላ ተጎንብሰናል። ጀርባችን ላይ የራሳችንን ግማሽ የሚያህል ሻንጣ ተሸክመናል። እኔ የልጃገረዶች የጫካ ጉዞ መሪ ነኝ፤ ማለትም የዛሬውን ፈተና ካለፍኩ እሆናለሁ። አክስቴ የፋብሪካ ምግብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ምግብ ያበሰለች ሴት ናት። የመጣችው ደንቡ «ሁለተኛ አዋቂ ሰው ያስፈልጋል» ስለሚል ብቻ ነው። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።)

እኔ፦ አሁንም ይንቃጨላል! አክስቴ፣ ያን ጭልፋ ተይው አላልኩሽም?

አክስቴ፦ ተውኩት እኮ።

እኔ፦ ታዲያ ይሄ የሚንቃጨለው ምንድን ነው?

አክስቴ፦ የተውኩት ትልቁን ነው። ይሄ ትንሹ ነው።

እኔ፦ እኔ ክብደት ለመቀነስ ብዬ የጥርስ ብሩሼን እጀታ በመጋዝ ቆርጬ ነው የመጣሁት! ለአራት ግራም! አንቺ የብረት ጭልፋ ትሸከሚያለሽ?

አክስቴ፦ አይቼሻለሁ፣ የኔ እናት። ጠዋት ጥርስሽን ስትቦርሺ ጣትሽ ጉሮሮሽ ገብቶ ሊያስመልስሽ ነበር።

እኔ፦ እሱ ልምድ ይጠይቃል።

አክስቴ፦ ለስምንት ልጅ ሾርባ በምን ልቅዳ? በብሩሽሽ?

እኔ፦ ቀስ በይ! ከተሰማን አበቃልኝ። የዛሬውን ሕግ ልድገምልሽ?

አክስቴ፦ ድገሚልኝ፣ ጭንቅላቴ እንደሆነ አይይዝም።

እኔ፦ ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ስምንቱ ልጆች ካርታ ይዘው ብቻቸውን እስከ ጫካ ጠባቂው ቤት ይሄዳሉ። እኛ ከኋላ እንከተላለን፤ ግን አንታይም፣ አንሰማም። ፈታኙ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጆቹ አንዴ እንኳ ካዩኝ ወይ ከሰሙኝ የመሪነት ፈቃዱን አላገኝም።

አክስቴ፦ ካላገኘሽስ?

እኔ፦ ወደ መዝገብ ቤት እመለሳለሁ። ደብዳቤ ላይ ማህተም ስመታ አረጃለሁ።

አክስቴ፦ ሁለት ጊዜ ወድቀሽ የለ እንዴ?

እኔ፦ አልወደቅኩም! ፈታኙ ቀንቶብኝ ነው።

አክስቴ፦ ምን ብሎ ቀና?

እኔ፦ «በአንድ ቀን አርባ ሦስት ጊዜ ከቁጥቋጦ ወጥታ ልጆቹን አርማለች» ብሎ።

አክስቴ፦ ሁለተኛው ጊዜስ?

እኔ፦ ሠላሳ ስምንት። መሻሻሌን እንኳን አላየልኝም።

(ከአጠገቤ ሰፋፊ ቅጠል ቆርጬ ኮፍያዬ ላይ መሰካት ጀመርኩ።)

አክስቴ፦ ምን እያደረግሽ ነው?

እኔ፦ መመሳሰል ይባላል። ጫካውን መምሰል አለብን። እንቺ፣ አንቺም ሰኪ።

አክስቴ፦ ይሄ ሳማ አይደለም እንዴ?

እኔ፦ መመሪያው «ሰፊ ቅጠል» ነው የሚለው። ስም አልጠቀሰም።

አክስቴ፦ ጆሮሽ ቀላ እኮ።

እኔ፦ ፀሐይ ነው።

አክስቴ፦ ገና አልወጣችም።

እኔ፦ (እያከክሁ) እንሂድ በቃ፣ ልጆቹ ራቁ!

(ተነሳን። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።)

እኔ፦ ጉድ! እዪልኝ እስኪ! ቆሻሻ! «ጫካ ውስጥ ምንም ጥለን አንሄድም» እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ስለፈልፍ አልነበር?

አክስቴ፦ ውይ። ልፍታው?

እኔ፦ ፍቺና ኪስሽ ክተቺው። ዛሬ ስንገናኝ ጉዳቸው ይፈላል!

አክስቴ፦ (ክሩን በጣቷ እየዳበሰች) ... ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ጎሽ።

እኔ፦ ምኑን ነው የምትቆጥሪው?

አክስቴ፦ ምንም። የወጥ ቤት ልማድ ነው፤ እጄ ያገኘውን ይቆጥራል።

እኔ፦ አሁን ወደ ቀኝ ነን።

አክስቴ፦ ጉልበቴ ግን ወደ ግራ ይሻለኛል ይላል።

እኔ፦ ጉልበት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አቅጣጫ የሚያውቀው?

አክስቴ፦ በቀኝ በኩል ዳገት ነዋ።

እኔ፦ ቆይ፣ ኮምፓስ ለምን ተፈጠረ? (ኮምፓሱን አወጣሁ።) ሰሜን ማለት ... አንቺ ነሽ።

አክስቴ፦ እኔ?

እኔ፦ መርፌው አንቺን ነው የሚያሳየው። እስኪ በዚህ በኩል ዙሪ።

አክስቴ፦ ይኸው ዞርኩ።

እኔ፦ ሰሜን ተንቀሳቀሰ!

አክስቴ፦ ጭልፋው ብረት ስለሆነ ይሆን?

እኔ፦ የማታውቂውን አትናገሪ። ይሄ ውድ ኮምፓስ ነው፣ በጭልፋ አይሸወድም። እሺ፣ ለጉልበትሽ ስል በግራ እንሂድ፤ ካርታው ግን ቀኝ እንደሚል ልብ በይልኝ።

(ካርታውን ገልብጬ እንደያዝኩ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። በየመገንጠያው እንዲሁ ሆነ። ክር እናገኛለን፣ እኔ እራገማለሁ፣ አክስቴ ትፈታለች፣ ከዚያ ወይ ጉልበቷ፣ ወይ ወገቧ፣ ወይ ጥላ መፈለጓ ወደ አንድ ወገን ይወስደናል። ረፋዱ ላይ እስከ ጉልበታችን ውሃ ውስጥ ገባን።)

አክስቴ፦ ይሄ ወንዝ ካርታው ላይ የቱ ጋ ነው?

እኔ፦ የለም።

አክስቴ፦ እና?

እኔ፦ ካርታው ላይ ከሌለ ወንዝ አይደለም።

አክስቴ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

እኔ፦ ጊዜያዊ እርጥበት።

አክስቴ፦ ዓሣ አለው እኮ።

እኔ፦ እሱም ጊዜያዊ ነው።

(እኩለ ቀን። አንድ ጉብታ ላይ ወጣን። አክስቴ አምስተኛውን ክር ፈትታ ኪሷ ከተተች። እኔ በሆዴ ተኝቼ ሩቅ የሚያሳየውን መነጽር ዓይኔ ላይ ደገንኩ።)

እኔ፦ እሰይ! አገኘኋቸው! ያውልሽ፣ በቀኝ በኩል ሜዳው ላይ!

አክስቴ፦ እውነት? እስኪ ስንት ናቸው?

እኔ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ... ስምንት! ስምንቱም አሉ! ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ... ጃኬታቸውን ለየሁት። ተደርድረው ተቀምጠዋል።

አክስቴ፦ (ዓይኗን በእጇ ከልላ አየች) እህ ... ምን ያደርጋሉ?

እኔ፦ እያረፉ ነው። አቀማመጣቸውን ብታዪ! በመሃላቸው እኩል ርቀት! ማን ያስተማራቸው ይመስልሻል?

አክስቴ፦ ማን?

እኔ፦ እኔ ነኛ!

አክስቴ፦ ጎበዝ። በይ እንግዲህ ዓይንሽን እንዳትነቅይ። ድምፅ እንዳታሰሚ ደግሞ። እኔ ድንች ልላጥ።

(አንድ ሰዓት አለፈ።)

እኔ፦ (በሹክሹክታ) አሁንም አልተነቃነቁም።

አክስቴ፦ አንዷም?

እኔ፦ አንዷም! የአሥራ አራት ዓመት ልጆች፣ ትናንት ለአንድ የመኝታ ከረጢት ሲጓተቱ የዋሉ! ሥነ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው። ፈታኙ ይሄን ባየ!

አክስቴ፦ ሽንት እንኳን አልመጣባቸውም?

እኔ፦ ራስን መግዛት አስተምሬአቸዋለሁ። ብቻ ቢጫዋን ዝንብ ወሯታል። ያቺ ብስኩት መኝታዋ ላይ የምታራግፈዋ ናት። ታጠቢ ብያት ነበር!

አክስቴ፦ ተያት፣ ነገ ትታጠባለች።

እኔ፦ ቆይ። ቆይ ቆይ። አክስቴ! ሰው መጣ!

አክስቴ፦ ምን ዓይነት ሰው?

እኔ፦ ነጭ በነጭ የለበሰ! ፊቱን ሸፍኗል! ጭስ የሚተፋ ነገር ይዟል!

አክስቴ፦ (ቢላዋዋን አስቀመጠች) ልጄ፣ ተረጋጊና ስሚኝ ...

እኔ፦ ወደ ቢጫዋ ሄደ! ሩጪ እንጂ አንቺ ልጅ! ለምን አትሮጥም? እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ አትንቀሳቀሱ ያልኳቸው!

አክስቴ፦ ስሚኝ፣ እሱ ሰውዬ ...

እኔ፦ ራሷን ያዛት ... (መነጽሩ ከእጄ ወደቀ።) አክስቴ፣ አናቷን ከፈተው! እንደ ድስት ክዳን አነሳው!

አክስቴ፦ ቁጭ በይ እኮ ነው የምልሽ!

እኔ፦ ፈቃዱ ገደል ይግባ! ማህተም እመታለሁ! ዕድሜ ልኬን እመታለሁ! ልጆቼን!

(ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ሻንጣዬን ጥዬ ቁልቁል በረርኩ። ኮፍያዬ ላይ ሳማ፣ እጄ ላይ ግማሽ የጥርስ ብሩሽ። ለምን ብሩሹን እንደያዝኩ እስካሁን አላውቅም።)

አክስቴ፦ (ከኋላዬ እየጮኸች) ቀፎ ነው! የንብ ቀፎ ነው! ተመለሺ አንቺ!

(አልሰማሁም። በራሴ ፊሽካ ደንቁሬ ነበር።)

(ከሰዓት በኋላ። የጫካ ጠባቂው ቤት በረንዳ። ከንፈሬ አብጧል፣ አንድ ዓይኔ ተዘግቷል። ማዶ ልጆቹ ድንኳናቸው መሃል ይሳሳቃሉ። አክስቴ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ትይዛለች።)

አክስቴ፦ አሥራ አንድ ቦታ ነው ንቡ የነደፈሽ። ቆጥሬዋለሁ።

እኔ፦ ልጆቹ?

አክስቴ፦ ስምንቱም ደህና ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ገብተው፣ ድንኳን ተክለው፣ ውሃ ጥደው እኛን ሲጠብቁ ነበር።

እኔ፦ በየት በኩል አለፉ?

አክስቴ፦ በግራ። በጉልበቴ በኩል።

(ከኪሷ አምስቱን ክር አውጥታ ጭኔ ላይ ዘረጋችው።)

እኔ፦ ቆሻሻው?

አክስቴ፦ እስኪ ቋጠሮውን ቁጠሪው።

እኔ፦ ስምንት ... ይሄም ስምንት ... ይሄም።

አክስቴ፦ ምግብ ቤት እያለሁ ለምሳ ስንት ሰው እንደገባ በክር ነበር የምንይዘው። እጃችን ቅባት ስለሆነ እርሳስ አይጨብጥም። ጠዋት አንቺ ብሩሽሽን ስትታገይ ለልጆቹ አሳየኋቸው። መንገድ በተከፈለ ቁጥር በሚሄዱበት በኩል ያስራሉ፣ እያንዳንዷ በእጇ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ሰባት ባገኝ ኖሮ ስለ ጉልበቴ አላወራም ነበር፤ እጮህ ነበር።

እኔ፦ ቀፎ መሆኑንም ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?

አክስቴ፦ መነጽር አያስፈልገውም እኮ፣ የኔ እናት።

እኔ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

አክስቴ፦ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አልሽ። ከተወለድሽ ጀምሮ እንዲህ ዝም ብለሽ አላውቅም! ልጆቹ ጆሯቸው አርፎ ይሂዱ ብዬ ነው። ሰውዬው ማር ሊቆርጥ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ።

እኔ፦ ወደቅሁ አይደል? በሦስተኛውም።

አክስቴ፦ ፈታኙ ክሮቹን አይቶ ወረቀት ሰጥቶኛል። ላንብብልሽ? (ዘርግታ) «አንደኛ፣ ልጆቹ መሪዋን አዩአት? አላዩአትም። ሁለተኛ፣ ሰሟት? አልሰሟትም።»

እኔ፦ ፊሽካውስ?

አክስቴ፦ ሁለት ጉብታ ማዶ ማን ይሰማሻል? «ሦስተኛ፣ በየመገንጠያው ልጆቹ ደህና መሆናቸው ይታወቅ ነበር? አምስት ክር፣ አርባ ቋጠሮ። ሙሉ ነጥብ።»

እኔ፦ (ከተቀመጥኩበት ዘልዬ) አለፍኩ! አክስቴ፣ አለፍኩ! አላልኩሽም? ይሄ እኮ የራሴ ዘዴ ነው! ርቀት ጠብቆ መምራት ይባላል፤ ከጅምሩ አስቤበት ...

አክስቴ፦ ቆይ፣ አላለቀም። «ፈቃዱ የተሰጣት ...»

እኔ፦ አንብቢው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?

አክስቴ፦ የኔ ስም ነው ያለው።

እኔ፦ የኔስ?

አክስቴ፦ ከሥር፣ በደቃቁ። ንብ አርቢው ነው አዝሎ ያመጣሽ፤ ያየውን ሁሉ ለፈታኙ ነግሮታል። «ልጆቹ አደጋ ላይ የወደቁ ሲመስላት ፈቃዷን ጥላ ሮጣለች። ልቧ ትክክል ነው፤ አቅጣጫዋ ግን አይደለም። ለአንድ ዓመት ሁለተኛ አዋቂ ሆና ትሂድ።»

(ዝም አልኩ። በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ።)

እኔ፦ መዝገብ ቤት አልመለስም ማለት ነው?

አክስቴ፦ የምን መዝገብ ቤት! ሰኞ ሌላ አሥር ልጆች ይመጣሉ። ከኔ ጋር ነሽ።

እኔ፦ ኮምፓሱ አንቺን ሲያሳይ አምኜው ቢሆን ኖሮ ... (ጨርቁን ዓይኔ ላይ ጫንኩት።) እሺ አለቃ፣ ምን ልሥራ?

አክስቴ፦ መጀመሪያ እጀታ ያለው የጥርስ ብሩሽ ግዢ። ከዚያ ጭልፋውን ትይዣለሽ።

እኔ፦ ትንሹን?

አክስቴ፦ ትልቁን። የተውኩት ልጆቹ ጋ ነው፤ ያውና እያማሰሉበት።

እኔ፦ እሱማ ይባስ ይንቃጨላል እኮ!

አክስቴ፦ ይንቃጨል። ልጆቹ የት እንዳለሽ ይወቁ።