ለመቼ ነው ወይስ ለማን?

ሥራ ባለበት ሁሉ አንድ «እንዴት ሆነ» አለ። መሥሪያ ቤቱ ወንበር ሊጎድለው ይችላል፤ በሩ አልገጥም ሊል፣ ጣሪያው ሊያፈስ ይችላል። «እንዴት ሆነ» ግን አይጎድለውም። እንዲያውም ነገሩን ላጤነው ሰው፣ መጀመሪያ «እንዴት ሆነ» ተፈጥሮ፣ ሥራ የሚባለው ነገር የመጣው እሱ የሚጠይቀው እንዳያጣ ተብሎ ይመስላል።

በአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ መሥሪያ ድርጅት ውስጥ የሚገኙት ክቡር እንዴት-ሆነ በወረቀት ላይ «የሥራ አስተባባሪ» ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ እምብዛም የለም። ቀጠን ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ተቀምጠው ያያቸው የለም፤ ወንበራቸው ሲገዛ የተጠቀለለበት ላስቲክ ዛሬም አልተላጠም። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ፤ ከዚያ የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ለስላሳ ድምፅ፣ «እሱ ነገር እንዴት ሆነ?» ይላሉ።

«የቱ ነገር?» ብሎ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው። የቱ እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ተጠያቂውም ያውቃል።

ይህ ጥያቄ ከሰው ሁሉ ለይቶ የሚያቃጥለው ዲዛይነሯን ነበር። ጠረጴዛዋ በሩ ሥር ስለሆነ፣ ክቡርነታቸው ሲገቡም ሲወጡም መጀመሪያ የሚያገኙት እሷን ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ልቧ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። አብረዋት የሚኖሩት አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የዓይን ሞራ ጋርዷቸው የእጅ ሰዓታቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ እንጂ ምንም አይታያቸውም። ሐኪሙ በቀላል ቀዶ ጥገና ይነሣል ብሎ ነበር፤ «ግን አታቆዩት፣ በቆየ ቁጥር ይጠጥራል» ሲል ደግሞ አስጠንቅቋል። ቀጠሮ የማስያዙን ጣጣ የተረከበው ከተማው ማዶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ነው። እና አባባ በየጠዋቱ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ዛሬ ነው?» ይላሉ።

«ገና ነው፣ አባባ» ትላለች ጫማዋን እያጠለቀች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ እሾህ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ስልኳን ታያለች፣ ትገለብጠዋለች፣ መልሳ ታያለች። በዚህ መሐል ነው እንግዲህ አንድ መነጽር የተሰቀለበት ግንባር ከኮምፒውተሯ በላይ ብቅ የሚለው። «እሱ ነገር እንዴት ሆነ?»

ቀድሞ ክቡርነታቸው ይህን ሁሉ ጉዳይ ተሸክመው የሚዞሩት በጭንቅላታቸው ነበር። ድርጅቱ የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ያስገባ ዕለት ግን ሰውዬው እንደ ሙሽራ አበሩ። እያንዳንዱ ሥራ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ የባለቤቱ ፎቶ አለ፤ ካርዶቹ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን በየዓምዱ ተደርድረው ይታያሉ። የዓምዶቹንም ስም ራሳቸው በአማርኛ አወጡላቸው፦ «የሚሠራ»፣ «ተላልፏል»፣ «ይቆይ»፣ «ያለቀ»። ለሌላ ሰው የተሰጠ ሥራ «ተላልፏል» ውስጥ ይገባል፤ አንድ ነገር እስኪመጣ የቆመ ሥራ «ይቆይ» ውስጥ።

«ለሰው የሰጣችሁት ሥራ» አሉ ያን ቀን ስክሪኑ ፊት ቆመው፣ «ከእጃችሁ ይወጣል እንጂ ከራሳችሁ አይወርድም።»

«አሜን» አለ የድርጅቱ ብየዳ ሠራተኛ ከኋላ።

ከዚያ ወዲያ ካርድ የማይወጣለት ነገር ጠፋ። የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል ተቃጥሎ ነበር፤ እሱም ካርድ ወጣለት። አምፖሉ መሰላሉን ይጠብቃል፤ መሰላሉን ጎረቤት ያለው ጋራዥ ወስዶታል፤ ጋራዡ ተዘግቷል፤ ባለቤቱን ጉንፋን ጥሎታል። ስለዚህ ክቡርነታቸው በየጠዋቱ አይተውት ለማያውቁት ሰው እየደወሉ፣ «ጉንፋኑ እንዴት ሆነ?» ይሉ ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ በመጨረሻ የሳሉን ዓይነት እየለየ ማስረዳት ጀመረ።

«እኚህን ሰውዬ ሞት ራሱ ቢመጣባቸው፣ ‹ማን አስተላለፈህ? ካርድህ የታለ?› ብለው ነው በር ላይ የሚያቆሙት» አለ ብየዳ ሠራተኛው።

የሱ ተራ ሩቅ አልነበረም። አንድ አዲስ መድኃኒት ቤት የሚበራ ሰሌዳ አዝዞ፣ ዲዛይነሯ ሥዕሉን ጨረሰች፤ ክቡርነታቸውም ካርዱን የብየዳ ሠራተኛውን ፎቶ ለጥፈውበት «ተላልፏል» ውስጥ አስገቡት። መድኃኒት ቤቱ በሚከፈትበት ጠዋት ባለቤቷ ደወለች። ከበሩ በላይ ካለው ባዶ ብረት በቀር አንዳች ነገር እንደማይታያት ተናገረች፤ የተናገረችበት ድምፅ ከስልኩ አልፎ ወርክሾፑ ድረስ ተሰማ።

«ሰሌዳው እንዴት ሆነ?» አሉ ክቡርነታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ሻክሮ።

«ተላልፏል እኮ ነው የሚለው» አለ ብየዳ ሠራተኛው፣ ስልኩን እያሳየ።

«አዎ፣ ተላልፏል። ላንተ።»

«ለኔ ነው እንዴ? እኔ ለሌላ ጊዜ መስሎኝ፣ ተመስገን ብዬ ገብቼ ተኛሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክቡርነታቸው ግን አልሳቁም። ስክሪኑ ፊት ቆመው ያቺን አንዲት ቃል እንደ ቀበጠች ልጅ አተኩረው ተመለከቷት። ዕድሜ ልካቸውን በሥራ መሐል ሲያመላልሷት፣ ሁለት ቤት እንዳላት አላወቁም ነበር። በማግስቱ ዓምዶቹ አዲስ ስም ይዘው መጡ፦ «በኔ እጅ»፣ «በሰው እጅ»፣ «ይቆይ»፣ «ያለቀ»። ከዚያ ወዲያ በዚያ ግቢ ውስጥ «ተላልፏል» ያለ ሁሉ፣ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አያልፍም፦ «ለመቼ ነው ወይስ ለማን?»

ታዲያ አንድ ቀን ክቡርነታቸው ስለ አንድ የሆቴል ሰሌዳ ደጋግመው ሲጨቀጭቋት፣ ዲዛይነሯ ከወንበሯ ተነሣች። «ጋሼ፣ እባክዎን ይተዉኝ። የአባቴ ዓይን ነው ሥራ የከለከለኝ፤ የወንድሜን ስልክ እየጠበቅኩ ነው» አለች። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በአምፖሉና በሆቴሉ ሰሌዳ መሐል፣ አንድ አዲስ ካርድ ተቀምጧል፦ «የዲዛይነሯ አባት ዓይን። ይቆይ። ከወንድም ስልክ ይጠበቃል።»

ክቡርነታቸውን ፈልጋ አገኘቻቸው። «ያንሱልኝ። የቤቴን ጉዳይ ግድግዳ ላይ ምን ሰቀለው?»

«እሺ፣ ይነሣል» አሉ፤ አነሡትም። ከስክሪኑ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሲገቡም ሲወጡም፣ ድምፃቸውን ወደ ሹክሹክታ አውርደው፣ «የአባትሽ ዓይንስ እንዴት ሆነ?» ማለት ያዙ። ሰኞም፣ ማክሰኞም። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብትል እሳቸው ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ቀን ዞራ በቁጣ ተመለከተቻቸው።

«ተላልፏል፣ ጋሼ። ወንድሜ ራሱ ነው መልእክት የላከልኝ። ተላልፏል።»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ለመቼ ነው ወይስ ለማን?»

«ለ...» አለች።

ስልኳን ከፈተች። የወንድሟ መልእክት እዚያው አለ፦ «የአባባ ቀጠሮ ተላልፏል።» ከሥሩ የራሷ መልስ፦ «እሺ።» ከመድኃኒት ቤቱ ጉድ በፊት የተጻፈ ነው። ያኔ አንብባው ተናድዳ፣ አንድ ቀጠሮ እንኳ ማስያዝ የማይችል ወንድም ብላ፣ «እሺ» ብላ ነበር ስልኩን የወረወረችው። መቼ የሚል የለበትም። ማን የሚልም የለበትም። ወዲያው ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ የአባባ ቀጠሮ ለመቼ ነው የተላለፈው?»

«ምን ለመቼ አለው? ወደ አንቺ ሰፈር ሆስፒታል ነዋ የተላለፈው። እዚያው ይቀርባቸዋል ብዬ ስንት ተለማምጬ ያዛወርኩት። አንቺ ደግሞ እሺ አልሽ።»

«እሺ ያልኩት ተናድጄ ነው።»

«እሺ እሺ ነው። እኔ በስልክ ውስጥ ፊትሽ ይታየኛል? ይኸው ሞራውን አስነሥታ አንድ ቃል አልነገረችኝም ብዬ አኩርፌ ነው የከረምኩት።»

«አልተሠራላቸውም። አንተን ስንጠብቅ...»

አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ይቀመጣሉ። ስልኩን ዘግታ ሆስፒታሉ ጋ ደወለች። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ፋይሉን ፈልጋ አገኘችው። «እዚሁ ተቀምጧል፣ ማንም አልጠየቀውም። ተራው እስከ ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልቀረቡ ይተላለፋል» አለቻት።

ለመቼ ብላ ወይስ ለማን ብላ አልጠየቀችም። ቀና ስትል ክቡርነታቸው የድርጅቱን ፒክአፕ ቁልፍ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ቦርሳዋን በሌላው እጃቸው አንጠልጥለዋል። «አባትሽ ቤት ናቸው?» አሉ ብቻ።

አባባ አንድ አፍታ እንኳ አላስጠበቋቸውም፤ ሸሚዛቸው እንደ ተቆለፈ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ ዲዛይነሯ እኚያን የጠላቻቸውን ሰው በሙሉ ክብራቸው አየቻቸው። መዝገብ ቤት፦ «ፋይሉ እንዴት ሆነ?» ላቦራቶሪ፦ «የደሙ ውጤት እንዴት ሆነ?» አንዲት ነርስ «ተቀመጡና ጠብቁ» ስትላቸው፣ «እንጠብቃለን፣ እህቴ፤ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አሏት በዚያው በለስላሳ ድምፃቸው። ነርሷ ገብታ ሐኪሙን ይዛ መጣች። የሥራ ሰዓት ከማብቃቱ በፊት አባባ ለማግስቱ ቀዶ ጥገና ተመዘገቡ።

ፋሻው የተነሣ ቀን ቤት ሲገቡ፣ አባባ በር ላይ ቆመው የግድግዳውን ሰዓት ትክ ብለው አዩ። ከዚያ የገዛ እጅ ሰዓታቸውን። ከዚያ መልሰው ግድግዳውን።

«ይሄ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል» አሉ። «ይህን ያህል ጊዜ አንዳችሁም አላያችሁም?» ወንበር ጎትተው ሊወጡበት ሲሉ ወንድሟ ነው ሮጦ የያዛቸው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ክቡር እንዴት-ሆነ ከሥራ የቀሩት። ከጋራዡ ባለቤት ጋር በመጨረሻ ተገናኝተው፣ መሰላሉን ሲቀበሉ ጉንፋኑንም አብረው ተቀብለው ነበር። የመጀመሪያው ቀን በዓል መሰለ። ብየዳ ሠራተኛው በእሳቸው ወንበር ተቀምጦ ሳንድዊች በላ፤ ላስቲኩ ተንጫጫ። በሁለተኛው ቀን ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ ማዞር አበዛ። ዲዛይነሯ አንድ ሥራ ጨርሳ ቀና አለች፤ የሚጠይቃት አጣች። ሌላ ሥራ ጀመረች፤ አቋረጠች። ሰው የማይጠይቀው ሥራ እንደዚህ ከብዶ እንደሚጎተት አታውቅም ነበር። ስልኳን አነሣች።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆኑ?»

ሰውዬው ይህን ጥያቄ ሲሰነዝሩ ኖሩ እንጂ ሲሰነዘርባቸው አያውቁም።

«ማን አስተላለፈልሽ?» አሉ በተዘጋ አፍንጫ።

«ማንም አላስተላለፈልኝም፣ ጋሼ። በኔ እጅ ነው።»

ሳሉ፤ ወይም እንደ መሳል ያለ ነገር ተሰማ። «እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነገም ትደውያለሽ ማለት ነው።»

በማግስቱ ደወለች። አለመደወልም አትችልም ነበር፤ አባባ ከጠዋት ጀምረው ከክፍል ክፍል እግር በእግር እየተከተሏት፣ አዲሱን ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «የዚያ ሰውዬ ጉንፋን እንዴት ሆነ?» ሲሏት ነበር።