ክቡር ዶክተርና የጸጉር ሠሪዋ ትከሻ

ሳይማር የሚያክም ጎረቤት የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም። ጸጉር ሠሪዋ ለምትኖርበት ሕንፃ የደረሱት ክቡር ዶክተር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ካርዶቹን ሳያነቡ እንዳልመለሱ ግልጽ ነው። ደረጃ ላይ የሚያስል ሰው ካገኙ አስቁመው ምላሱን ያያሉ። የሦስተኛ ፎቁን አስተማሪ ጨው ከልክለውታል፤ ባለሱቁን በግራ ጎኑ ብቻ እንዲተኛ አዘውታል። ይሆን አይሆን ብሎ የሚከራከር ከመጣ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ለእኔ ተዉት።"

ጸጉር ሠሪዋም ቀኝ ትከሻዋን ሲያማት ለእሳቸው ተወችው። ያመመ ነገር ማረፍ አለበት ብለው ክንዷን በሻርፕ ከደረቷ ጋር አሰሩት፤ በየጠዋቱም እየመጡ ቋጠሮውን አጠበቁ። ሦስት ወር ታገሠች። ሻርፑ ሲፈታ ክንዷ ከደረቷ በላይ አልሄድ አለ። የሰው ጸጉር ስትሠራ የኖረች ሴት የራሷን ማበጠር አቃታት። በምትሠራበት የውበት ሳሎን ሃያ ዓመት የቆመችበትን ቦታ ሌላ ሠራተኛ ያዘችው።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዳ ያገኘቻት ፊዚዮቴራፒስት እውነቱን ነገረቻት። የመገጣጠሚያው ሽፋን ወፍሮ ተኮማትሯል፤ መታሰሩ ደግሞ አብሶበታል። መጀመሪያ ሕመሙ ይቀንሳል፣ መድረቁ ግን ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ዓመት ይፈጃል፣ ምናልባት ሁለትና ሦስት። እስከዚያው በሙቅ ፎጣ እያሞቀች፣ ሳታስገድድ፣ ጣቶቿን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ታራምድ።

ዶክተር ይህን ሲሰሙ ሳምንት ከቤት አልወጡም። የሚያስል ሁሉ ደረጃውን በሰላም ወጣ። እሷም ሰላምታቸውን ላለመመለስ ቆርጣ ነበር። በስምንተኛው ቀን የሞቀ ፎጣ በሣህን ይዘው በሯ ላይ ቆሙ። ፎጣው እንዳይቀዘቅዝ ብላ አስገባቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እሷ ጣቶቿን ታራምዳለች፣ እሳቸው የደረሰችበትን በእርሳስ ያሰምራሉ። በስድስት ሳምንት መስመሩ አራት ጣት ያህል ከፍ አለ። ከዚያ ቆመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው መስመር ላይ።

"ጋሼ፣ ክንዴ ተመልሶ ይነሣ ይሆን?" አለቻቸው።

እርሳሱን ኪሳቸው ከተቱ። "እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ። አላውቅም።"

በአሥራ ሁለት ዓመት ጉርብትና ይህን ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ቂሟ የት እንደገባ ጠፋት። እንደ ድሮው ደፍረው ቢዋሿት በወደደች።