የኦቦ ሌንጂሳ ምርመራ

ሳይጠይቁት የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አያንቱ በምትኖርበት የአምቦ ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ኦቦ ሌንጂሳ ናቸው። በካቺሲና በጎጆ ከተሞች ሠላሳ ዓመት ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ያክማሉ። የባጃጅ ሞተር ሲያስነጥስ ሰምተው “አስም አለበት” ማለታቸው ይወራል። ጎረቤት “ክቡር ዶክተር” ሲላቸው ቀልድ መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን አይከለክሉም።

የአያንቱ ልጅ መቲ ገና በጨቅላነቷ ስትጠባ ወተቱ በአፍንጫዋ ይወጣ ነበር። ኦቦ ሌንጂሳ አዩና “ችኩል ናት” አሉ። አፏን ስትፈታ “ባ” ያለችው “ማ” እየሆነ፣ ቃሉ ሁሉ በአፍንጫዋ ሾለከ።

“ጥርሷን ስትቀይር ይለቃታል” አሉ። ጥርሷን ቀየረች።

“እንግዲህ ቁመት ስትጥል ነዋ።”

ትምህርት ቤት ልጆች አነጋገሯን እየደገሙ ሲስቁባት መቲ ማውራት ተወች። አስተማሪዋ “ሐኪም ይያት” ስትል፣ አያንቱ ከትምህርት ቤቱ በር በቀጥታ የሄደችው ወደ ኦቦ ሌንጂሳ ነበር። “ምንም አይደል፣ ልጄ” አሏት። እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

መቲ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጉሮሮዋን ታመመችና እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ጣቢታ የምትባል ነርስ በባትሪ አፏን ስታይ ቆየች።

“እንጥሏ ለሁለት የተከፈለ ነው” አለች። “ይህን የሚያውቅ ሐኪም አዲስ አበባ ይያት።”

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ለአያንቱ አስረዳት። የመቲ ላንቃ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጡንቻው ሳይገጣጠም ነው የተወለደችው። ስትናገር ወደ አፍንጫ የሚሄደውን አየር መዝጋት አትችልም።

“በቀዶ ሕክምና እንገጥመዋለን” አላት። “ግን አፏን ስትፈታ ብትመጡ ይሻል ነበር። አሁን ንግግርን እንደ አዲስ መማር ይኖርባታል።”

አያንቱ ለኦቦ ሌንጂሳ የምትለውን መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ መጣች። በራቸው ላይ ስትደርስ ግን የወጣላት “ዘግይታችኋል ተባልኩ” የሚለው ብቻ ነበር።

“ያዘገየኋት እኔ ነኝ” አሉ ሽማግሌው።

“ሌላው ሰው ውሰጃት ሲለኝ እርስዎ ዘንድ የምመጣው” አለች፣ “አትውሰጃት እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። የሐኪሙን ቢላዋ ፈርቼ።”

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሆኖም መቲ ሲደክማት ድምፅዋ ዛሬም ወደ አፍንጫዋ ይሾልካል፤ ያን ጊዜ አያንቱ ከክፍሉ ትወጣለች።

ኦቦ ሌንጂሳ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ እየመጡ ከመቲ አፍንጫ ሥር ትንሽ መስታወት ይይዛሉ። የንግግር ባለሙያዋ እንዳሳየቻቸው፣ መስታወቱ ጉም ካልለበሰ አየሩ በአፍ ወጣ ማለት ነው። አያንቱ አንድ ቀን እንኳ “ይቅሩ” ብላቸው አታውቅም፤ ሲዘገዩ በር በር ታያለች።

“ባባያ በይ” አሉ ትናንት።

“ፓፓያ” አለች መቲ። መስታወቱ ጥርት እንዳለ ነው። “እርስዎ ግን ተሳስተዋል፣ አባባ። ከንፈርዎን ይግጠሙ፤ አየሩን ያፍኑትና በአንዴ ይልቀቁት።”

ክቡር ዶክተር ከንፈራቸውን ገጠሙ። ጉንጫቸው ተነፋ።

“ባ...”

“እንደገና” አለቻቸው።