የዘሃራ የውሃ ዕቅድ

ሪያድ ተቀምጦ "ነገ ውሃ ቢጠፋስ?" እያለ የሚባንን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬያት እኖራለሁ። መንፉሐ ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ ዘሃራ፣ ወሎ በፈረቃ ውሃ ያደገች፣ ባዶ ባልዲ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ባለፈው ዓርብ "እህቴ፣ ከተማው እየሰፋ ነው፤ ውሃው አይበቃንም፤ ያላ፣ እናጠራቅም!" ብላ ጀሪካኑንም፣ ድስቱንም፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳይቀር ሞላች። ጣሪያ ላይ በጣሳ ለተከለችው ጤና አዳምም "ይሄ የእርሻው ድርሻ ነው" ብላ አጠጣች። የጁምዓ ሰላት ሊደርስ ሲል ግቢው ሁሉ የሚጋራው የአሮጌው ቤታችን ታንከር ደረቀ።

ጎረቤቶች ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ ፍለጋ በራችንን አንኳኩ። "አላልኩም ነበር?" እያለች ለሁሉም ቀዳች። እነሱም መርቀው የግቢው የውሃ ኃላፊ አደረጓት።

ታንከሩን ማን እንዳደረቀው የምናውቀው እኔና ጤና አዳሙ ብቻ ነን። እሱ ጠግቧል፤ እኔ ደግሞ እወዳታለሁ።