የነፍስ አባት ፍለጋ በቀብር ቀን

“የነፍሴን ነገር ራሴ እችለዋለሁ” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ ገና ሰው አልሞተበትም!

ያን ቀን ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይርጋ ከሞጣ ገበያ ተመልሶ ቢቸና ግቢያችን ውስጥ በቅሎዎቹን ያራግፋል። ጓደኛዬ ደምሰው ደግሞ አጥር ተደግፎ ይሰብካል። ምን ብሎ? ስብከት አያስፈልግም ብሎ! አሥራ አንደኛ ክፍል ከገባን ወዲህ፣ ፈረንጁ መምህራችን የጣሏትን አንዲት ሐሳብ ለቅሞ አላስቀምጥ ብሎናል።

“ጋሼ ይርጋ፣ እኔ እኮ ሃይማኖት የለኝም፤ መንፈሳዊ ግን ነኝ።”

“ታዲያ ዓርብ ዓርብ ምን ትበላለህ?”

“ልቤ ያዘዘኝን።”

“ልብህስ ምን ያዝዛል?”

“አልፎ አልፎ... ጥብስ።”

“ጎሽ! እንዲህ ያለ የነፍስ አባት ለእኔም ፈልግልኝ!”

ሳቅን። ቀልዱ ግን ሥር ነበረው። የጋሼ ይርጋ የነፍስ አባት አምና ዐርፈዋል፤ ሌላ ያዝ እያለች እናቴ በጨቀጨቀችው ቁጥር “መከር ይግባ” ይላል። ደምሰውም “ቄስ ምን ያደርግልሃል? ልብህ ይበቃሃል” ቢለው፣ “የለም፣ መከር ሲገባ እይዛለሁ” አለው። መከር... ሞት አጨዳ ሲያምረው መከር አይጠብቅም።

ማታውን “ራሴን” አለ። ንዳድ ነበር። በማግስቱ ከቀትር በፊት ጋሼ ይርጋ የለም። እዚህ ላይ ልቀልድ ሞክሬ ነበር... አልሆነልኝም። እለፉት።

ለቀስተኛው ሊያጽናናኝ ተሽቀዳደመ። “እግዜር ስለወደደው ወሰደው” ይሉኛል። እግዜር የሚወደውን በጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ምን አጥፍተው ነው እስካሁን የቆዩት? ይህንን ጮክ ብዬ አልጠየቅሁም፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሁሉ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ከዚያ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቄሰ ገበዙ፣ መጡ።

“የነፍስ አባቱ ማን ናቸው?”

“አምና ዐረፉ፤ ሌላ አልያዘም” አልሁ።

“እንግዲያ ፍትሐት የለውም። ከቅጽሩ ውጭ ይቀበር።”

እናቴ ከመሬት ወደቀች። “ልጄን እንደ ውሻ ልትጥሉብኝ ነው፣ አባቴ?”

ዞር ስል ደምሰው ይሮጣል። ሸሸ ብዬ ፈረድሁበት። ለካ የሮጠው ወደ ራሱ የነፍስ አባት፣ ወደ አባ ተገኝ ነው፤ መንፈሳዊ ከሆነ ወዲህ ባያቸው ቁጥር የሰው አጥር እየዘለለ ወደሸሻቸው ሽማግሌ። እጃቸውን ይዞ እያለከለከ አመጣቸው።

“ሟቹን አላውቀውም” አሉ አባ ተገኝ። “የነፍስ አባት ሊይዝ አስቦ ነበር?”

“መከር ሲገባ እይዛለሁ ሲል ትናንት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አባ” አለ ደምሰው።

ቄሰ ገበዙ ተቆጡ። “ደግሞ በሐሳብ የነፍስ አባት አለ እንዴ?”

“እግዜር የሚያየው ልብን ነው። ካሁን ወዲያ ልጄ ነው፤ እኔው ፈትቼ እቀብረዋለሁ።”

ደምሰው ደረቱን ነፋ። “ይኸው! እኔስ ምን እል ነበር? ዋናው ልብ...”

“አንተ ዝም በል!” አሉት አባ ተገኝ። “እሱ ያሰበውን እንዳይፈጽም ሞት ቀደመው። አንተን ማን ቀደመህ? ጉልበት አለህ፤ ከነገ ጧት ጀምረህ ስገድ!”

ፍርዱን አያችሁልኝ? ለሟቹ ልቡ በቃው፤ ስለ ልብ ሲሰብክ የከረመው ግን በጉልበቱ ተያዘ። ቄሰ ገበዙም ካጉረመረሙ በኋላ እሺ አሉ። ጋሼ ይርጋ በቅጽሩ ውስጥ፣ ከአባታችን ጎን ዐረፈ።

በማግስቱ ጧት እናቴን ለጎረቤት ትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሄድሁት ልስቅበት ነው። ለጥቂት ጊዜ እንኳ መሳቅ አምሮኝ... ደምሰው ግንባሩ አፈር ለብሶ፣ እያቃሰተ ይወድቃል፣ ይነሣል።

“መንፈሳዊነት እንዴት አደረ?” አልሁት።

“ጉልበቴ ላይ።”

አፌን ለሳቅ ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ... ደምሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ ጎን ፈቀቅ አለና ቦታ ለቀቀልኝ።

ነጠላዬን አጣፋሁ። ግን ከሰገድሁ ስንት ዘመኔ! እጅ ነው የሚቀድመው ወይስ ጉልበት? ምን ላድርግ... በሒሳብ ፈተና ሁልጊዜ ከእኔ ከሚኮርጀው ልጅ አጠገብ ቆምሁና፣ በዐይኔ ጠርዝ እያየሁ ኮረጅሁ።